የኢኬሜፉና ደም በማን እጅ ነው? ከንባብ ደብተሬ

ልብ ወለድ ሳነብ አንድ ልማድ እያዳበርኩ ነው። ልብ የሚሰብር ሞት ሲያጋጥመኝ ገጹን ገልጬ አላልፍም። ቆም እልና «ለዚህ ሞት ተጠያቂው ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ ማን ምን እንዳደረገ፣ ማን ምን ያውቅ እንደነበር፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» ነው። ቀስ ብሎ ማንበብ ለምትወዱ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጽሐፉ የወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ ናይጄሪያ ነፃ ከመውጣቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። ታሪኩ ግን ሚሲዮናውያን ወደ ኢግቦ ምድር ወደገቡበት ዘመን ይወስደናል። ስለ መጽሐፉ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያነሳው የዋናውን ሰው፣ የኦኮንክዎን ውድቀት ነው። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የሚሞተው ልጅ ነው።

ላላነበባችሁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ኡሙኦፊያ ከምትባል መንደር አንዲት ሴት ወደ ጎረቤት መንደር ምባይኖ ገበያ ሄዳ ትገደላለች። ኡሙኦፊያ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ የሚፈራት ናት። «ወይ ጦርነት፣ ወይ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ልጃገረድ» ብላ ትልካለች። ምባይኖዎች ጦርነቱን ፈርተው ልጆቹን ይሰጣሉ። ልጅቷ ሚስቱ ለተገደለችበት ሰው ትሰጣለች። ወንዱ ልጅ ኢኬሜፉና ነው፤ ዕድሜው 15። በግድያው አባቱ እጁ አለበት፤ ልጁ ግን ይህን ከየት ይወቅ? ምን እንዳጠፋ፣ ለምን ከእናቱ እንደነጠሉት አይገባውም።

የኛ አገር አንባቢ እዚህ ጋ ሲደርስ ጉማን፣ የደም ካሳን ማሰቡ አይቀርም። ደም ደምን እንዳይጠራ ሽማግሌ መሃል ይገባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። የኡሙኦፊያም ሐሳብ ከዚህ አይርቅም። ብዙ ሰው የሚያልቅበት ጦርነት ቀርቷል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ሳነብ በነዚህ ሰዎች ላይ ቶሎ መፍረድ የከበደኝ። ነገር ግን ካሳ ተብሎ የመጣው ከብት አይደለም፣ የሰው ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ስለ አነባበቤ ላውራ። ድሮ እንዲህ ያለ ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚሄደው ገጀራውን ወደያዘው ሰው ነበር። አሁን «ማን ገደለ?» ከማለቴ በፊት «ማን፣ መቼ አወቀ?» እላለሁ። ይህች ጥያቄ ንባቤን በጣም ነው የለወጠችው። ሞቱ ያለበትን ገጽ ትቼ ከሱ በፊት ያሉትን ገጾች ደጋግሜ እንዳነብ አደረገችኝ። ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

በዚህ ጥያቄ መጀመሪያ የተያዙት የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ልጁን ለጊዜው ብለው ኦኮንክዎ ቤት ያስቀምጡታል። ከዚያ ይረሱታል። ሦስት ዓመት ሙሉ! አቼቤ ይህን የሚነግረን በአጭሩ ነው፣ ሳያጋንን። እኔ ግን እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። ውሳኔውን ወዲያው ቢፈጽሙት ኖሮ የሚሞተው ከሩቅ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ልጅ ይሆን ነበር። እነሱ ግን ጊዜ ሰጡት። ልጁም በዚያ ጊዜ ሰው አፈራ።

እንዴት አድርጎ እንዳፈራ ልብ በሉ። ሲመጣ ምግብ አልበላም አለ። ኦኮንክዎ ትልቅ ዱላ ይዞ ላዩ ላይ ቆመ። ልጁ ያም የሚባለውን የሥር ምግብ በግድ ዋጠው፤ ከጓሮ ሄዶ አስመለሰው። ከዚያ ታመመ። ያስታመመችው የኦኮንክዎ የመጀመሪያ ሚስት፣ የንዎዬ እናት ናት። ሲድን ሌላ ልጅ ሆነ። የወፍ ስም ያውቃል፣ ዋሽንት ይሠራል፣ ለአይጥ ወጥመድ ያጠምዳል፣ ተረት አያልቅበትም። የኦኮንክዎ የበኩር ልጅ ንዎዬ ከሱ አልለይ አለ። ኦኮንክዎም ወደደው፣ ግን በሆዱ። ፍቅር ማሳየት ለሱ ድክመት ነው። ቢሆንም ወደ ስብሰባ ሲሄድ በርጩማውንና የፍየል ቆዳ ቦርሳውን እንደ ልጁ ያሸክመው ነበር። ኢኬሜፉናም «አባቴ» ይለው ጀመር።

ከዚያ አንድ ቀን ኤዜኡዱ የሚባል የተከበረ አዛውንት ኦኮንክዎን ከቤት ወደ ውጭ ጠርቶ ያነጋግረዋል። «ይህ ልጅ አባቴ ይልሃል። በሞቱ እጅህን አታስገባ።» የኮረብታውና የዋሻው ንግርት ተናጋሪ ፍርዱን ሰጥታለች፤ መንደሩ ልጁን ሊገድል ወስኗል። ኤዜኡዱ ውሳኔውን አልተቃወመም። ይቅር አላለም። የተናገረው ስለ አንድ ሰው እጅ ብቻ ነው።

አብረን የምናነበው ጓደኞች በብዛት ያከራከረን እዚህ ቦታ ነው። አንዷ ጓደኛችን ኤዜኡዱ የመጽሐፉ ጥሩ ሰው ነው ትላለች፤ ማንም ያልተናገረውን ተናግሯል። እውነቷን ነው። ግን እኔ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ይህ ሰው በአካባቢው በዕድሜ የሚበልጠው የለም፣ በጉልምስናው ኃይለኛ ተዋጊ ነበር፣ ቃሉ ይሰማል። ያን ክብሩን ልጁን ለማዳን አላዋለውም። ኦኮንክዎን ከኃጢአት ለማዳን ብቻ አዋለው። ልጁ ለሱ ከሞቱት ሰዎች ወገን ነው። ደብተሬ ላይ ስሙን ከሽማግሌዎቹ ሥር ጻፍኩ፤ ጎኑ ላይ «ግን አስጠንቅቋል» ብዬ ጨመርኩ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

በማግስቱ ኦኮንክዎ ልጁን «ነገ ወደ አገርህ ትሄዳለህ» ይለዋል። ንዎዬ ይህን ሰምቶ ያለቅሳል፤ አባቱ ክፉኛ ይገርፈዋል። ንዎዬ ወደ እናቱ ሄዶ ኢኬሜፉና ወደ አገሩ ሊሄድ ነው ብሎ ይነግራታል። ሴትዮዋ በርበሬ ስትፈጭበት የነበረውን ዘነዘና ወዲያው ጣል ታደርጋለች። እጇን ደረቷ ላይ ታጣምራለች። «ምስኪን ልጅ» ትላለች። በቃ። ሌላ ቃል የላትም። እሷም አውቃለች ማለት ነው። ምን ማድረግ ትችል ነበር? የኦኮንክዎን ቤት ለሚያውቅ መልሱ ቅርብ ነው፤ በሰላም ሳምንት እንኳ ሚስቱን የደበደበ ሰው ነው። እሷን ከተጠያቂዎቹ ጋር አልጻፍኳትም። ማወቅ ብቻውን ዕዳ አይሆንም፤ ማወቅም መቻልም ሲገናኙ ነው ዕዳ የሚሆነው። ይህን ልዩነት ያገኘሁት ከዚህች ከወደቀች ዘነዘና ነው።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ወንዶቹ ገጀራቸውን በአፎቱ አድርገው፣ ለትልቅ ጉዳይ እንደሚሄድ ሰው ለብሰው ይወጣሉ። ኢኬሜፉና በራሱ ላይ የዘንባባ ጠጅ ማሰሮ ተሸክሟል። መጀመሪያ ፈራ። ከዚያ ኦኮንክዎ ከኋላው እየተራመደ መሆኑን ሲያስብ ልቡ ተረጋጋ። እናቱ ትዝ አለችው። ትንሿ እህቱ ስንት ዓመት እንደሚሆናት አሰላ፤ ሦስት የነበረችው አሁን ስድስት ሆናለች። «እናቴ በሕይወት ትኖር ይሆን?» አለ በልቡ። ለማወቅ የልጅ ዘዴ ተጠቀመ። አንድ የልጅነት ዘፈን በልቡ እየዘፈነ ከዘፈኑ ጋር ይራመዳል። ዘፈኑ በቀኝ እግሩ ካለቀ እናቱ አለች። በግራ ካለቀ ሞታለች። ኧረ አይደለም፣ ታማለች እንጂ አልሞተችም። በቀኝ አለቀ። ደግሞ ሞከረ፤ በግራ አለቀ። ሁለተኛው አይቆጠርም አለ።

ይህን አንቀጽ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ለናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው። በዓይን ሲነበብ ያልፋል፤ በአፍ ሲነበብ ከልጁ እርምጃ ጋር አብሮ ያስኬዳል። የልጁ ሐሳብ በሙሉ እናቱ ጋ ነው። የሌሎቹ ሐሳብ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ ዞር ሲል ሰውዬው ወደፊት ሂድ አለው፤ ድምፁ ያስፈራ ነበር። ኦኮንክዎ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰውዬው ገጀራውን ሲያነሳ ኦኮንክዎ ፊቱን አዞረ። ማሰሮው አሸዋው ላይ ወድቆ ተሰበረ። ልጁ «አባቴ፣ ገደሉኝ!» እያለ ወደ ኦኮንክዎ ሮጠ። ኦኮንክዎ በፍርሃት ደንዝዞ ገጀራውን መዘዘና ቆረጠው። ደካማ እንዳይባል ፈርቶ ነው፤ ይህን አቼቤ ራሱ በግልጽ ይነግረናል።

ጓደኞቼ መካከል አንዱ አብርሃምና ይስሐቅን አነሳ። አባት፣ ልጅ፣ መንገድ፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ። እኔም ስመለከተው ትክክል መሰለኝ፤ ልጁ የሚሸከመው ነገር ሳይቀር። ግን ልዩነቱ ነው የከነከነኝ። አብርሃም ታዟል። ኦኮንክዎን ማንም አላዘዘውም። ትእዛዙ ለመንደሩ ነው። ልጁን የሚመታ ሰው አለ፤ መትቶታልም። ኦኮንክዎ ቤቱ መቅረት ይችል ነበር። አብሮ ሄዶም ከኋላ መቆም ይችል ነበር። እንዲያውም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ፊቱን አዙሯል። ሰውነቱ ሁሉ የኤዜኡዱን ምክር እየፈጸመ ነበር። ልጁ ወደሱ ሲሮጥ ሰዎች ያዩታል። ያን ጊዜ ነው እጁ የተንቀሳቀሰው።

ለኦኮንክዎ ጥብቅና የሚቆሙ አንባቢዎች የአባቱን ታሪክ ያመጣሉ። አባቱ ኡኖካ ሰነፍ፣ ባለ ዕዳ፣ ዋሽንት ነፊ ነበር፤ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ እንደሱ ላለመሆን ሲሮጥ ኖረ። እስማማለሁ፣ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ምክንያቱን መረዳት ግን ሰውየውን ነፃ አያወጣውም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ስታዩ የባሰ ይከብዳል። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ጠጅ ብቻ ይጠጣል። ልጁን ንዎዬን አጠገቡ አስቀመጠው፤ ልጁ ግን ፈራው። በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ወዳጁ ኦቢየሪካ ቤት ሄደ። እዚያ ሲደርስ ለምን አብረኸን አልመጣህም ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነው! የምድር አምላክ መልእክተኛዋን በመታዘዜ ልትቀጣኝ አትችልም ይላል።

አስተውሉ። መንገድ ላይ ምክንያቱ «ደካማ እንዳይሉኝ» ነበር። ኦቢየሪካ ቤት ሲደርስ ምክንያቱ እምነት ሆነ። ድርጊቱ ቀደመ፣ ምክንያቱ በኋላ መጣ። አሁን በማንኛውም ልብ ወለድ ውስጥ አጥፊው በድርጊቱ ሰዓት የነበረውን ሐሳብና በኋላ ለሰው የሚሰጠውን ማብራሪያ ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ብዙ ነገር ይወጣል።

ኦቢየሪካ መልሱ ግልጽ ነው። ንግርት ተናጋሪዋ ልጄ ይገደል ብትል አልከራከራትም፤ ገዳዩ ግን እኔ አልሆንም ይላል። ብዙዎቻችን እዚህ ቦታ ላይ «ጎሽ!» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ግን ዓረፍተ ነገሩን ከፍላችሁ አንብቡት። ግማሹ «እጄን አላስገባም» ነው። ሌላው ግማሽ «አልከራከርም» ነው። ኦቢየሪካ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብሎ ቤቱ ተቀመጠ፣ ልጁም ሞተ። ቤት መቅረቱ ከኦኮንክዎ ይሻላል፣ በጣም ይሻላል። ለኢኬሜፉና ግን ምንም አልለወጠም።

ከዚያ 13ኛው ምዕራፍ ይመጣል። ኤዜኡዱ ሞቶ ሲቀበር የኦኮንክዎ ጠመንጃ ይፈነዳና የሟቹን የ16 ዓመት ልጅ ይገድላል። ሳያስበው ነው። ሕጉ ግን ሳያስቡ ለገደሉትም ቅጣት አለው፤ ሰባት ዓመት ስደት። ንብረቱ ይቃጠላል፣ ቤቱ ይፈርሳል። ሁለቱን ሞቶች ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ደነገጥኩ። «አባቴ» እያለ ወደሱ የሮጠን ልጅ እያየ ገደለ፤ ማንም አልጠየቀውም። በአደጋ የገደለውን ልጅ ግን በሰባት ዓመት ከፈለው። ያ ሕግ የሚለካው የሟቹን ወገን እንጂ የገዳዩን ልብ አይደለም። አቼቤ ይህን በስብከት አይነግረንም። ሁለቱን ሞት አስቀምጦ ለኛ ይተወዋል።

ያን ዕለት ኦቢየሪካ የወዳጁን ቤት ከሚያቃጥሉት አንዱ ነው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ያስባል፤ ሰው ሳያስበው ባደረገው ነገር ለምን ይህን ያህል ይቀጣል? ያን ሲያስብ በመንደሩ ልማድ ጫካ የጣላቸው የራሱ መንታ ልጆች ትዝ አሉት። ምን አጠፉ? ይህ ጥያቄ ከሁሉም ቀድሞ ወደሱ ሊመጣ ይገባ ነበር፤ ቢዘገይም ግን መጣ።

እኔ አሁን የምቆምበት ቦታ ይህ ነው። ብዙ ሰው እጁን ያስገባበት ጥፋት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል ብለን እናስባለን። ይህን ምዕራፍ ካነበብኩ በኋላ እንዲያ ማሰብ አቃተኝ። ሽማግሌዎቹ ያላቸው ድርሻ በሙሉ የነሱ ነው። ኤዜኡዱና ኦቢየሪካ ዝም ያሉበት በሙሉ የነሱ ነው። የኦኮንክዎ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ልጁ ሊድንበት የሮጠው ወደ ሌላ ወደ ማንም አይደለም፣ ወደሱ ነው።

የሚቀጥለው ሥራዬ የንዎዬን መንገድ መከተል ነው። የኢኬሜፉናን ሞት ባወቀ ምሽት ውስጡ የሆነ ነገር ተበጠሰ፤ ዓመታት ቆይቶ የሚሲዮናውያኑን መዝሙር ሲሰማ የሚያስበው ስለዚሁ ሞትና ጫካ ውስጥ ስለሚያለቅሱት መንታዎች ነው። ከዚያ ደግሞ መጨረሻው አለ። ኦኮንክዎ ራሱን ሲያጠፋ ኦቢየሪካ ነጩን አስተዳዳሪ በቁጣ ራሱን እንዲያጠፋ ያደረግከው አንተ ነህ ይለዋል። ልጅ ሲገደል ቤቱ የቀረው ሰው አሁን ጣቱን ቀስሮ ይናገራል። ይህን ገጽ በዚህ ዓይን ያነበባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ደብተሬ ላይ ቦታ ትቼለታለሁ።