ቲያ ደርሶ መልስ፦ አንዷን ቀን እንዴት አብቃቃናት

የቡታጅራን መንገድ የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለመስቀል እንመላለስበታለን። ቲያ ላይ ወርዶ ትክል ድንጋዮቹን ያየ ሰው ግን በዙሪያዬ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ይሄ ነገር ይቆጨኛል። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ከአዲስ አበባ የሚርቀው ወደ 85 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጠዋት ወጥቶ፣ አይቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ቤተሰቤን ይዤ እንዴት እንደሄድኩ ልንገራችሁ፤ ለመሄድ ያሰበ ሰው ይጠቀምበታል።

መጀመሪያ የገጠመኝ ነገር የፍላጎት ብዛት ነው። እማዬ አዳዲ ማርያምን መሳለም ከተመኘች ቆይታለች። የወንድሜ ልጆች የጥንት ሰው፣ የድንጋይ መሣሪያ ሲባል ጆሯቸው ይቆማል፤ ለእነሱ መልካ ቁንጥሬ አለ። እኔ ደግሞ ልቤ ቲያ ላይ ነው። ደግነቱ ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ናቸው። ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ ትታጠፋላችሁ፤ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ላይ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጥሬ ይመጣል፤ ከሱ አለፍ ሲል ወደ አዳዲ የሚወስደው መገንጠያ አለ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቲያ።

ብዙ ሰው ቅርቡን አስቀድሞ ወደ ሩቁ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያለ ነገር ማለፍ ያሳዝናላ! እንደዚያ ሲሆን ግን ሩቁ ቦታ ላይ የሚደረሰው ደክሞና ተርቦ፣ ሰዓት እያዩ ነው። እኔ ገለበጥኩት። በቀጥታ ቲያ፣ ከዚያ እየተመለስን አዳዲ፣ መጨረሻ ላይ መልካ ቁንጥሬ። እንዲህ ሲሆን ቀኑ እየመሸ በሄደ ቁጥር ወደ ቤት እየቀረባችሁ ነው። ሰዓት ቢያጥር እንኳ የሚቀረው ቅርቡ ነው፤ እሱን ሌላ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ ማየት ይቻላል። አንድ ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ምስል አናት ላይ በወጣ ፀሐይ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚታየው። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመጣ ግን ጥላው ቅርጹን ያወጣዋል።

ቀን መምረጡ ላይ ብዙ አሰብኩ፤ ደግሞም ይገባዋል። ረቡዕና ዓርብን ወዲያው ሰረዝኩ። አንደኛ፣ የጉራጌ አገር ደርሶ ክትፎ ሳይበሉ መመለስ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ጀምሮ ስለሆነ፣ አዳዲ በምንደርስበት ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት ላይ ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሴው ጠዋት ስለሚያልቅ ከሰዓት በኋላ ተረጋግቶ ማየት ይቻላል። በወሩ 21ኛው ቀንም የማርያም ነው። በተለይ ኅዳር 21 እና ጥር 21 ሕዝቡ ይጎርፋል። ክብረ በዓሉን ለማየት የሚሄድ ሰው ያን ቀን ይምረጥ። የእማዬ ጉልበት ግፊያ ስለማይችል እኛ ራቅ አደረግነው።

ወቅቱም አለ። ክረምት ላይ ወደ አዳዲ የሚገባው መንገድ ጭቃ ነው። ከመስቀል በፊት ያለው ሳምንት ደግሞ ጉራጌው በሙሉ ወደ አገሩ የሚገባበት ነው፤ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ትራንስፖርት ይጠፋል። መስቀል ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን ልዩ ናቸው። ዝናቡ አባርቷል፣ መስኩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም አልረገፈም። እኛም ያኔ ነው የወጣነው።

ከዚያ ስልክ መደወል ነው። ይሄን አትዝለሉት። ቲያ ላይ ጥበቃና አስጎብኚ አለ፤ ቢሆንም ሰው መኖሩን በዋዜማው ማረጋገጥ ይሻላል። የመንገዱን ሰላም የጠየቅኩት በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከሚወራው ይልቅ ትናንት በመንገዱ የተመላለሰን ሰው ማመን ይቀላል። ቤንዚኑን በዋዜማው ሞላሁ፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ መቆም ማለት ቀኑን ገና ሳይጀመር መጨረስ ነው። ትርፍ ጎማው ንፋስ እንዳለውም አየሁ። ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለሙዳየ ምጽዋት ዝርዝር ብር ያዝኩ፤ ኔትወርክ በሌለበት የስልክ ብር ዋጋ የለውም።

ሌላው ዝግጅት ከልጆቹ ጋር ነበር። ከጉዞው በፊት ባሉት ምሽቶች ስለቲያ ትንሽ ትንሽ አወራኋቸው። ቲያ ላይ 36 ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ምስል የተቀረጸባቸው ናቸው። በሶዶ አካባቢ እስካሁን ከታወቁት ወደ 160 ከሚጠጉ ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ ነው። የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ የግራኝ ድንጋይ ይለዋል። ግራኝ አሕመድ ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም የመራው ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር ያሉት መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ድንጋዮቹ ግራኝ ሳይወለድ ቆመው ነበር ማለት ነው። ታላቅየው ይሄን ሲሰማ «ታዲያ የማን ናቸው?» አለኝ። እሱ ጥያቄ ልቡ ውስጥ ገብቶ መሄዱ ለእኔ ከስንቁ ሁሉ በለጠብኝ። አንድ ሥራም ሰጠኋቸው፦ ደብተርና እርሳስ ይዘው ብዙ ሰይፍ ያለበትን ድንጋይ መፈለግ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጣን። የአዋሽን ድልድይ ስናልፍ ልጆቹ «እዚህ ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። ስንመለስ አልኳቸው። ቲያ ስንደርስ ሣሩ ላይ ጤዛ ነበር፤ ከእኛ በቀር ጎብኚ አልነበረም።

ስለድንጋዮቹ ትንሽ ልቆይ። ከሩቅ ስታዩዋቸው አጥር ውስጥ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። አንዳንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዱ ያዘነበለ፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ጠጋ ስትሉ ሰይፎቹ ይወጣሉ። ስለታቸው ሰፊ፣ ጫፋቸው ሹል፣ እጀታቸው ሳይቀር የተለየ ነው፤ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ቁጥራቸው ከድንጋይ ድንጋይ ይለያያል። አስጎብኚው እያንዳንዱ ሰይፍ የተቀበረው ጀግና የጣለውን ጠላት ይቆጥራል እንደሚባል ነገረን። ከሰይፎቹ ሌላ ክብ ምልክት አለ፣ የተጠላለፈ መስመር አለ፣ ትራስ የሚመስል ቅርጽ አለ። ከታች ደግሞ ቅጠሉን ወደ ላይ የዘረጋ ተክል። እማዬ እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ይሄማ እንሰት ነው» አለች። አስጎብኚው ሳቀና «እናቴ፣ እንሰት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው» አላት። ዙሪያውን ቀና ብላችሁ ስታዩ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት ይታያል። ድንጋዩ ላይ ያለውና ጓሮ ያለው በአንድ ዓይን ገቡልኝ። ፎቶ ላይ ሺህ ጊዜ ባየው ይሄን አላገኘውም ነበር።

ከድንጋዮቹ ሥር የተገኙት አብዛኞቹ አፅሞች ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ የተቀበሩትም እንደ ተጠቀለለ ሕፃን እግራቸውን አጥፈው ነው። ይሄን ለልጆቹ ያልኩት እዚያው ቆመን ነው። ዝም አሉ። ከዚያ ታናሽየዋ ሳላዛት ከድንጋዩ ራቅ ብላ ቆመች። እስከዚያ ድረስ አትደገፉ፣ አትነካኩ እያልኩ ነበር። የማን መቃብር እንደሆነ ካወቀች በኋላ መናገር አላስፈለገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ ለቲያ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ስጡት። ሃያ ደቂቃ ዞሮ፣ ፎቶ አንስቶ መውጣት ይቻላል፤ እንደዚያ የሚያደርግ መኪና እኛ እያለንም መጥቶ ሄደ። መጀመሪያ ከአስጎብኚው ጋር ዙሩ። ከዚያ ብቻችሁን እንደገና ዙሩ። በሁለተኛው ዙር ነው ዓይን የሚለምደው፤ መጀመሪያ ባዶ የመሰለው ድንጋይ ላይ ጭረት ይታያችኋል። ለእማዬ ከቤት ታጣፊ ወንበር ይዤ ነበር። አስጎብኚው ተቀብሎኝ ጥላ ስር ዘረጋላትና «እናቴ፣ እዚህ ይረፉ» አላት። «ተባረክ ልጄ» ብላ መረቀችው። ያ ወንበር ባይኖር ኖሮ ሁለት ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ይሆን ነበር። ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ሰው ወንበር አይርሳ።

ምሳ ቀደም አድርገን መንደሩ ውስጥ በላን። ክትፎ ለብለብ፣ አይብ በጎመን፣ ቆጮ። ስለሱ ብዙ አልልም፤ የቀመሰ ያውቀዋል።

ወደ አዳዲ የሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ። የእረኞች ልጆች ተሰበሰቡ፤ ሁለት ጎረምሶች ክሪክ ሲያዞሩልን አንዲት እናት ለእማዬ ውኃ አመጡላት። ከግማሽ ሰዓት በላይ ወሰደብን። ማናችንም አልተበሳጨንም፤ ምክንያቱም ዕቅዱ ውስጥ ለምንም ያልተመደበ አንድ ሰዓት ትቼ ነበር። የአንድ ቀን ጉዞ ከጥዋት እስከ ማታ ጥቅጥቅ ተደርጎ ከተሞላ አንድ ጎማ ሁሉንም ነገር ያፈርሰዋል። ዝዋይንም እንጨምር ያለኝ ወንድሜ ነበር። እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው።

አዳዲ ማርያም ከመሬት በላይ የቆመ ሕንፃ ለሚጠብቅ ሰው ያስደንቃል። ከአለት ወደ ታች የተፈለፈለች ስለሆነች አጠገቧ እስክትደርሱ አትታይም። ትውፊቱ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ዙሪያዋን አለቱ ተቆርጦ እንደ ጠባብ መተላለፊያ ሆኗል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ባትሪ ያዙ። ጫማ ስለሚወልቅና አለቱ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ካልሲ አድርጉ። ሴቶች ነጠላ አትርሱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህኑን አስፈቅዱ። «አባታችን፣ ይፈቀዳል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ምሰሶዎቹን በእጄ ስዳስስ መሮው የተወው ጠባሳ ይሰማኝ ነበር። እማዬ ግድግዳውን ተሳልማ አንድ ጥግ ላይ ቆመች። አላቻኮልናትም። ለእሷ የጉዞው ዋና ነገር እሱ ነበር፤ ሲቸኩሉባት ደግሞ አትወድም።

መልካ ቁንጥሬ ስንደርስ ቀኑ ጋደል ብሎ ነበር። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ የሰው ዘር ታሪክ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎጆ በመሰሉት የሙዚየሙ ክፍሎች ውስጥ የድንጋይ መጥረቢያዎቹ ተደርድረዋል። ከሁሉ የሚያምሩት ከባልጩት የተሠሩት ናቸው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ጠርዛቸው ዛሬም የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። ሲምቢሮ በሚባለው የመልካ ቁንጥሬ የቁፋሮ ቦታ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች እንዲህ ያለውን መሣሪያ በብዛት ይሠሩ ነበር። ልጆቹን የያዛቸው ግን ሌላ ነው። ጎምቦሬ በሚባለው ሌላው የቁፋሮ ቦታ ላይ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከአዋቂዎቹ ዱካ ጋር የትንንሽ ልጆችም አለ። ታናሽየዋ ይሄን ስትሰማ የራሷን እግር አየች። «ልጆቹንም ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር?» አለች። አዎ፣ እንደኛ አልኳት።

ዓለም ገና ስንደርስ ገና አልጨለመም ነበር። ከዚያ እስከ ጀሞ ያለው የመኪና ሰልፍ የራሱን ጊዜ ወሰደ፤ እሱንም ከዕቅዱ ውስጥ አስገብቼው ነበር።

መኪና የሌላችሁ ሰዎች ከዚህ ዕቅድ አዳዲን ቀንሱ። የቡታጅራ መኪና ይዛችሁ ቲያ ላይ ውረዱ። ሲመለሱ መኪኖቹ ከቡታጅራ ሞልተው ስለሚመጡ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍ መንገድ ዳር ውጡ። መልካ ቁንጥሬ ከዋናው መንገድ ብዙ ስለማይርቅ፣ ጊዜ ካለ ተራምዳችሁ ትገቡበታላችሁ። አዳዲ ግን ብቻዋን አንድ ቀን ትፈልጋለች፤ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሳችሁ፣ ከሰዓት ተረጋግታችሁ የምታዩበት ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን።