ሳልጠየቅ የሰጠሁት ቃል

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ትዝ ይለኛል። ባለፈው እሑድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ንፍሮ እየዘገንኩ ትዝ ሲለኝ «ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ጮህኩ። ለሟች መስሏቸው ሁለት እናቶች ትከሻዬን ይዘው አባበሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቢሮአችን አለቃ እንግሊዛዊት ናት። ስለ ገጠር ውኃ ጉድጓዶች የሠራሁትን ሪፖርት 14 ሰው ፊት አቀረብኩ። መጀመሪያው ስላይድ ላይ አራት ቢጫ ጀሪካን የተጫነች አህያ አለች። ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች። ብድሯን እንደካድካት ነው የምታይህ። ጨርሼ ስቀመጥ አለቃዬ መነጽሯን አወለቀችና «ቬሪ አረስቲንግ» አለች።

እኔ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉን ትምህርት በእንግሊዝኛ የተማርኩ ሰው ነኝ። አረስት የሚለውን ቃል ግን የማውቀው በአንድ ትርጉም ብቻ ነው። እጅ ወደ ኋላ፣ ካቴና፣ ጣቢያ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ከቢሮ አንድ ደስጣ ወረቀት ወደ ቤቴ ሄዷል። ሄዷል ስል በእግሩ አይደለም።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው እንዳትሉ። የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያውን ጨምሮ ሲያበቃ፣ በተማሪ ሁለት ደስጣ ወረቀት፣ ስድስት ሶፍትና አንድ ፈሳሽ ሳሙና አምጡ አለን። ልጄ ኬጂ 2 ነው። ሁለት ደስጣ ማለት 1000 ወረቀት ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን 231 ፊደል ለእያንዳንዱ አንድ ወረቀት መድቦ ቢጽፍ እንኳን 769 ይተርፋል። 769 ወረቀት የት ይሄዳል? አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ወላጅ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። አንዱን ደስጣ በገንዘቤ ገዛሁ። ሁለተኛውን… ብቻ ሄዷል አልኩ።

እናም «አረስቲንግ» ስትል ሆዴ ተገላበጠ። ማን ነገራት? ተነሥቼ ቆምኩ። «አይ ዊል ሪተርን ዘ ፔፐር» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። «ዊች ፔፐር?» አለች ግራ ገብቷት።

ሌሊት ሌሊት የምቃጠለው እዚህች ላይ ነው። ፔፐር ማለት ጥናታዊ ጽሑፍም ማለት ነው! «ሪፖርቱን አስተካክዬ እመልሳለሁ ማለቴ ነው» ብል ትጉህ ሠራተኛ ተብዬ እቀመጥ ነበር። እግዜር በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን «ኤ ፎር» አልኩ። እሱም አነሰኝ መሰለኝ፣ «ፋይቭ ሀንድረድ» ብዬ ጨመርኩበት።

አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ ሱሪዬን ጎተተኝ። «ኧረ አንተ ሰውዬ ተቀመጥ! አህያዋ ቀልብ ትይዛለች ማለቷ ነው!» በሹክሹክታ ነበር ያለው። ሁሉም ሰማ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ስቶር ኪፐራችን ጋሼ ደግሞ ከኪሳቸው ማስታወሻ ደብተር አወጡ። «ዓርብ ነው አይደል?» አሉኝ። ለካ ቆጠራ ጎድሎባቸው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥተው ኖሯል።

ማታ ቃሉን ቆፈርኩት። ሥሩ ላቲን ነው፤ ማስቆም ማለት ነው። ትራፊክ ሚኒባስ እንደሚያስቆም አህያዋ የሴትዮዋን ዓይን አስቆመችው። እሺ፣ ይሁን። ግን በዚህ አላበቃም። እንግሊዝኛ የወደደውን ሁሉ አንቆ ነው የሚያሞግሰው። ጨምድዶ መያዝ ግሪፕ ነው፤ ልብ አንጠልጣይ ታሪክም ግሪፒንግ ይባላል። ሲዝ ንብረት ሲወረስም ይሠራል፣ ቀልብ ሲወረስም ይሠራል። ካፕቲቬት ከምርኮኛ የመጣ ነው። እንግሮስ ደግሞ ድሮ ገበያ የወጣውን እህል በጅምላ ጠቅልሎ መግዛት ነበር፤ አሁን ሐሳብህን በጅምላ ሲወስዱት ነው። ግሮሰሪ የሚለው ቃልም ከዚያው ዘር ነው አሉ። እኛ ሰፈር ግሮሰሪ ገብተህ ሽንኩርት ብትጠይቅ ድራፍት ነው የሚቀዳልህ፤ እሱ ሌላ ጉድ ነው።

ክላችን መንጃ ፈቃድ ሳወጣ መማር ነበረብኝ። ምን ዋጋ አለው፣ እኛ ከጣሊያን ወስደን ፍሪሲዮን አልነው። ትርጉሙን ሳነብ ግን ራሴን አየሁት። በጭንቀት አጥብቆ መያዝ ይላል። ዓርብ ማታ ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጣብቄ የተቀመጥኩት ልክ እንደዚያ ነው። ረዳቱ «ወንድም፣ ሕፃን ነው እንዴ?» ብሎኛል።

ተማሪ ሳለሁ የነበረኝ መዝገበ ቃላት እነዚህን ሁሉ «ያዘ» ብሎ ነበር የሚገላገላቸው። አልፈርድበትም። በእኛ አገር ያልተያዘ ነገር የለም። ጉንፋን ይይዛል፣ ታክሲ ይያዛል፣ ስልክ ይያዛል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ቂም ይያዛል። ሌባም ይያዛል።

የሚያናድደው እኛም ያው መሆናችን ነው። ማራኪ የምንለው ከማረከ ነው። ለስንት ዓመት «ማራኪ መልክዓ ምድር» እያልኩ ሪፖርት ስጽፍ አንድም አንባቢ እጁን ሰጥቶ አያውቅም። እኔ ብቻ ነኝ በአንዲት ቃል እጅ የሰጠሁት።

አለቃዬ ወረቀቱን ረስታዋለች፤ ወይም ጨዋ ናት። ጋሼ አልረሱም። ፕሪንተር አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ደስጣዎቹን በዓይናቸው ይቆጥራሉ። ወረቀቱን ገዝቼ ተክቻለሁ፣ ፈርመውልኛል፤ ቢሆንም ይቆጥራሉ።

ባለፈው ሳምንት የሪፖርቱን ሁለተኛ ክፍል አቀረብኩ። አህያዋን አወጣኋት፤ በእሷ ቦታ ግራፍ አስገባሁ። አለቃዬ እንደገና መነጽሯን አወለቀች።

«ሪቬቲንግ!» አለች።

ሪቬት ማለት በር ሠሪዎች ብረትን ከብረት የሚያጣብቁበት ነገር ነው። አሁን ዓይንን ስላይድ ላይ መምታት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ። ፈገግ ብዬ «ታንክ ዩ» አልኩ። እያልኩ ግን ሐሳቤ ቤት ሄደ፣ የልጄ መጻፊያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስቴፕለር ድቅን አለብኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ ገብቼ ቦታው መለስኩት። ጋሼ ቀድመውኝ ገብተው ሻይ ይጠጡ ነበር።