ሦስቱ ደቂቃ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ስታዲየም አካባቢ ያለው ክሊኒካችን ኮሪደሩ ሞልቷል። ኃላፊያችን የኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ክፍሉን በር ገፋ አድርጎ፣ «ማስተንፈሱን ዝለይው፤ 20 ደቂቃ ካነሳሻት ይበቃል» አለኝ።

«ልጅቷ ትፈዛለች ተብላ ነው የመጣችው። ለእሷማ ዋናው ምርመራ ሦስት ደቂቃ በኃይል ማስተንፈሱ ነው።»

«ሰልፉን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

በሩን ዘግቶ ሄደ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ሹሩባዋን ፈትተው፣ ያለ ቅባት አጥበው ስላመጧት የኤሌክትሮዱ ማጣበቂያ ፔስት ቶሎ ያዘ። አባቷ ግን ነገሩን አላመነበትም። «ሲስተር፣ ሆን ብላ ነው እኮ! ስጠራት ዝም ትለኛለች፤ ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ታወራለች። ያበላሻት እናቷ ናት።» ልጅቷ ሁሉንም እየሰማች ነው።

ወረቀት ፊቷ ላይ ያዝኩላትና «ሳታቋርጪ እፍ በይው የኔ ቆንጆ» አልኳት። ሁለተኛው ደቂቃ እንዳለፈ ወረቀቱ መርገብገቡን አቆመ። ዓይኗ ተከፍቶ ቀረ፣ ሽፋሽፍቷ ይንቀጠቀጣል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም መስመር በአንድ ጊዜ ተነሳ፦ ሹል፣ ሞገድ፣ ሹል፣ ሞገድ፣ በሰከንድ 3 ጊዜ። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጊብስ፣ ዴቪስና ሌኖክስ እ.ኤ.አ. በ1935 የገለጹት ምት ራሱ ነው። «ብርቱካን» አልኳት። ጥቂት ቆይታ እፍ ማለቷን ቀጠለች።

«አሁን ምን አልኩሽ?»

«እፍ በይ።»

ብርቱካኑን አልሰማችውም።

ለአባቷ አስረዳሁት። ራስ ላይ የምንለጥፈው ኤሌክትሮድ የአንዲት ሕዋስን እንቅስቃሴ ለብቻው አይለይም፤ እጅግ ብዙ ሕዋሳት አብረው ሲሠሩ ነው የሚያነበው። በደህናው ጊዜ ሕዋሳቱ በየፊናቸው ናቸው። በዚህ ሕመም፣ አብሰንስ በሚባለው የሚጥል በሽታ ዓይነት፣ ግን የአንጎል ቅርፊትና ከሥሩ ያለው ታላመስ የሚባለው ክፍል እየተቀባበሉ ሁሉንም በአንድ ምት ይይዟቸዋል። ይህ የታወቀው ተመራማሪዎች በእንስሳት አንጎል ውስጥ ቀጫጭን ኤሌክትሮድ አስገብተው፣ የነጠላ ሕዋሳትን እንቅስቃሴ በመቅዳት ነው። በኃይል ሲተነፈስ የደም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ያኔ ምቱ በቀላሉ ይቀሰቀሳል።

ስክሪኑን በጣቱ ነካው። «ለዚህ ነው ስትገረፍ የከረመችው?» አለ፤ ማንን እንደሚጠይቅ አላውቅም።

ውጤቱን ዶክተሩ አንብቦ መድኃኒት ጀመረላት። ኃላፊያችን ሲሰማ «ቀናሽ» አለኝ። እኔን ያናደደኝ ይሄ ቃል ነው። መድኃኒት ባልጀመረ ልጅ ላይ ይህ ሕመም ካለ፣ በደንብ ሲተነፍስ አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል፤ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ዘልዬው ቢሆን ኖሮ አባትየው «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዞ ቤቱ ሊገባ ይችል ነበር። ለዱላው ማስረጃ ሰጠነው ማለት ነው፣ ያውም በክሊኒኩ ማኅተም!

ልቡን ወይም ሳንባውን በጠና የታመመ፣ በቅርቡ ስትሮክ የመታው፣ ሲክል ሴል (የቀይ የደም ሕዋስን ቅርጽ የሚያዛባ የዘር በሽታ) ያለበት ሰው ሲመጣ እኔው ራሴ አላስተነፍስም። በሰልፍ ምክንያት ግን ማንንም አልዘልም። ይህንኑ ለኃላፊያችን በጽሑፍ አሳውቄዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።