መተንፈስ የረሳችው ልጄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። አማቴ «ልጅቷ ትትረፍ እንጂ እናቷ ትመሰክራለች» ብለው ተስለውብኛልና ልመስክር።

የደምበጫ ልጅ ነኝ። በሰባተኛው ወር ደም ግፊቴ አሻቀበ፤ ዓይኔ ብዥ አለብኝ። አምቡላንስ ደብረ ማርቆስ አደረሰኝ። ሾፌሩን እግዜር ይስጠው፣ መንገዱን ሙሉ «አይዞሽ እታለም» እያለ ነው የወሰደኝ። የልጅሽን ሳንባ ያጠነክራል ብለው እኔን መርፌ ወጉኝ። ከዚያ ወለድኩ። 1200 ግራም። ጆሮዋ እንደ ወረቀት ይታጠፋል።

ያቺን ሌሊት ልንገራችሁ። ልጄ ማሞቂያ ውስጥ ናት። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እንገሬን አልቤ፣ ያበጠ እግሬን እየጎተትኩ ገባሁ። ጠርሙሱ ይንቦቀቦቃል። ደረቷ ግን ቆሟል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ጮህኩ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ውስጥ እግሯን መታ መታ አደረገቻት፣ ጀርባዋን አሸችላት። ተነፈሰች። እፎይ ሳልል ደግማ አቆመች። ደግሞ ተነፈሰች። ደግሞ አቆመች። በኋላ መታ መታውም እምቢ አለ። ነርሷ አምቡ ባጉን፣ ያንን በእጅ እየተጫኑ አየር የሚሰጡበትን ፊኛ፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ ደፍታ በጣቶቿ ትጫነው ጀመር፣ በሹክሹክታ እየቆጠረች።

«አንጎሏ ገና ስላልጠና መተንፈስ ትረሳለች» አለኝ ሐኪሙ። አሚኖፊሊን የሚባል መድኃኒት ጀመሩላት። የቡናው ካፌይን ዘመድ ነው አሉኝ። እስቲ አስቡት፣ ልጄን በቡና ዘመድ ሲቀሰቅሷት! ያኔ ግን ማን ይስቃል።

ኮሪደር ወጥቼ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። ፊተኛውን ልጄን ቀብሬያለሁ። «ልትወስዳት ከሆነ ለምን ሰጠኸኝ? ትጫወትብኛለህ?» አልኩት። ውዳሴ ማርያሙ እጄ ላይ ነበር፤ አልገለጥኩትም። አማቴ በር ላይ ኩርምት ብለው «እመ ብርሃን፣ አደራሽን» ይላሉ። እሳቸውን ስሰማ ዳዊቱ ሳልጠራው መጣ፤ «ያልተሠራ አካሌን ዓይኖችህ አዩኝ»። እሷን እያያት ነው አልኩ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ መሬት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሊነጋጋ ሲል ነርሷ «ነይ ግቢ» አለችኝ። ደረቷ በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ተመስገን! ይሄን ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ያቺ ነርስ ሌሊቱን ሙሉ አልተቀመጠችም። ዘርሽ ይባረክ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ካንጋሮ ነው፤ ገላዋን ከደረቴ አጣብቄ ግራም በግራም መጠበቅ።

የታሰርንበት ጋቢ የእኔ አይደለም። አጠገቤ የነበረች የብቸና ሴት ናት የሰጠችኝ። ወንድ ልጇ ኢንፌክሽን ገብቶበት አረፈ። ስትወጣ «አንቺ እሰሪበት» ብላ አልጋዬ ላይ ትታልኝ ሄደች። የእኔዋ ተርፋ የእሷ ለምን እንደሄደ አላውቅም፤ ለሚጠይቀኝም መልስ የለኝም። ስልክ ቁጥሯን ግን ይዤ ነበር። በ80 ቀኗ ክርስትና ልናስነሳት ስንል ደወልኩላት። መጣች። የልጄ ክርስትና እናት እሷ ናት።