ለሳጥን ገንዘብ የሚሰጥ የለም

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ አንድ መካከለኛ ከተማ ባለ ሙዚየም ነው። ሬጅስትራር ነኝ። ሥራዬን ለእናቴ ለማስረዳት ስታገል ከርሜ በመጨረሻ «እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው በቃ» ብያት ተገላገልኩ። የገባ የወጣውን መመዝገብ፣ የሰው ዕቃ ሲመጣ አደራ መቀበል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አለቃዬ ከአንድ የፈረንሳይ ከተማ ሙዚየም ጋር ሥዕል እንዋዋስ አለ። እኛ 2 የመልክዓ ምድር ሥዕሎች እንልካለን፣ እነሱ 3 የዘይት ቀለምና 1 ፓስቴል (በደረቅ ቀለም የተሣለ ሥዕል) ይልካሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በፈረንጆቹ 1999 ኤልዛቤት ሮሃቲንና ፍራንስዋዝ ካሻን ፍሬም የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት ከፓሪስ ውጭ ያሉ የፈረንሳይ ሙዚየሞችና የአሜሪካ ሙዚየሞች እንዲህ እንዲቀባበሉ ብለው ነው። እሺ፣ ገንዘቡስ? «እሱን አንቺ ፈልጊ» ተባልኩ።

ስህተቴ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። የሁሉንም ወጪ በአንድ ላይ ደምሬ፣ ስለ ሁለቱ አገሮች ወዳጅነት 14 ገጽ ጽፌ ለአንድ ፋውንዴሽን ላክሁ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። አይ ነው። ከዚያ አንዲት ባለሀብት እራት ላይ አግኝቼ ነገሩን ሳስረዳት ሥዕሎቹን ወደደቻቸው፣ ግን «ወጪው በብዛት ለሳጥን ነው» ስላት ሳቀችብኝ። አልፈርድባትም። ስሙ ከሥዕል ጎን ግድግዳ ላይ እንዲጻፍለት የሚፈልግ ሞልቷል፣ ለሳጥን ማን ይከፍላል?

እውነቱ ግን እሱ ነው። ለሥዕሎቹ ኪራይ አልተጠየቅንም። ገንዘቡን የሚበሉት ሳጥን፣ አውሮፕላን፣ አጃቢና ኢንሹራንስ ናቸው። የአንዱ ሳጥን ዋጋ ከአሮጌ ቶዮታዬ በልጧል። ውጭው እንጨት፣ ክዳኑ ዙሪያ የጎማ ማሸጊያ፣ ውስጡ በሥዕሉ ልክ የተቆረጠ ስፖንጅ። ፓስቴል ደግሞ ጠባዩ የልጅ ነው፤ ቀለሙ ዱቄት ስለሆነ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጋደም ብሎ ነው የሚጓዘው፣ በተራ የፕላስቲክ መስታወትም አይሸፈንም፣ ፕላስቲኩ ላይ የሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዱቄቱን ይስበዋላ።

ኢንሹራንሱ አስደነገጠኝ። «ከሚስማር እስከ ሚስማር» ይሉታል፤ ሥዕሉ እዚያ ከተሰቀለበት ሚስማር ከወረደባት ደቂቃ ጀምሮ ተመልሶ እዚያው ሚስማር ላይ እስኪሰቀል። ለዚህ ስፖንሰር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሞና ሊዛ በ1963 ዋሽንግተንና ኒውዮርክ ስትታይ 100 ሚሊዮን ዶላር ተገምታ ነበር፣ ግን የኢንሹራንሱ ክፍያ ከጥበቃው ስለበለጠ ሳይገባላት ነው የሄደችው። እኛ ያንን ማድረግ አንችልም። ያዳነን በ1975 የወጣው ሕግ ነው፦ ማመልከቻህን ከተቀበሉ ጉዳት ቢደርስ የአሜሪካ መንግሥት ይከፍላል፣ አንተ ፕሪሚየም (የኢንሹራንስ ክፍያ) አትከፍልም። ከሁሉም ስፖንሰር የበለጠ የረዳን ይሄ ነው፣ አንድ ዶላር እጃችን ሳይገባ። ይሄን ዞሬ ዞሬ በመጨረሻ ከምደርስበት መጀመሪያ ብጠይቅ ኖሮ ግማሽ ዓመት ባተረፍኩ። ለፓስቴሉ ግን ጥያቄ በጥያቄ አደረጉን።

ሌላው ቀልቤን የገፈፈው ወረቀት ነው። የውጭ ሥዕል እዚህ እያለ በፍርድ ቤት እንዳይያዝ የሚከላከል የ1965 ሕግ አለ። ሥዕሉ አገር ከመግባቱ በፊት ማስታወቂያው የአሜሪካ መንግሥት ይፋ ጋዜጣ በሆነው በፌዴራል ሬጅስተር መውጣት አለበት። ከአራቱ አንዱ በ1930ዎቹና 40ዎቹ በማን እጅ እንደነበረ መረጃው ጎደለን። ናዚዎች ሥዕል የዘረፉበት ዘመን ስለሆነ ማንም በዚህ አይቀልድም። እዚያ ያለችው የሥራ ባልደረባዬ መዝገብ ስታገላብጥ ሰነበተች፣ ፊርማ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ኦገስት ላይ ሁሉም እረፍት ወጥቷል። ማስታወቂያው የወጣው በረራው ሊነሳ 6 ቀን ሲቀረው ነው። ስድስት! ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ገንዘቡን እንዴት ሞላሁት? በመቆራረስ። የመክፈቻውን ግብዣ አንድ ባንክ፣ የትምህርት ቤቶቹን ጉብኝት የከተማው አስተዳደር ያዘልኝ። መዋዋሱም ራሱ አገዘን፤ የእኛን ሥዕሎች ይዛ የሄደችው አጃቢ በስምምነት የእነሱን ይዛ ተመለሰች፣ ሁለቱን ሳጥኖችም ስፖንጁን ብቻ ቀይረን መልሰን ተጠቀምንባቸው።

የቀሩት ሳጥኖች ነበሩ። ያችን ባለሀብት ደወልኩላትና በዚህ ጊዜ እራት ሳይሆን መጋዘን ጋበዝኳት። ክዳኑን ከፍቼ እጇን ስፖንጁ ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ እንድትከት አደረግኋት። ዝም ብላ ቆየች። «እዚህ ውስጥ ነው የሚተኛው?» አለች። በማግስቱ ቼኩ መጣ።

ሥዕሎቹ ሲደርሱ፣ የክፍሉን አየር እስኪለምዱ ሳጥኖቹ 24 ሰዓት ሳይከፈቱ ቆዩ። ከዚያ ፓስቴሉን አውጥተን በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራን አየነው። ፍሬሙ ሥር አንድ ቅንጣት ዱቄት አልወረደም። ባለሀብቷ ስሟ ግድግዳው ላይ አለ። ሳጥኑ ክዳን ውስጥም አለ፣ ራሷ ናት ማርከር ለምና የጻፈችው።