በሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ በኤጂያን ባሕር ላይ የተደረገልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኑሮዬ በአቴንስ ነው፤ በግሪክ የበጋ ወራት እንግዶችን ይዞ በደሴቶች መካከል በሚዞር ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ምግብ አበስላለሁ። በሐምሌና በነሐሴ በኤጂያን ባሕር ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ተነሥቶ ለቀናት ይነፍሳል። ጀልባዎች ከማዕበሉ ለመሸሽ በደሴቶቹ ደቡባዊ ዳርቻ ይጠለላሉ፤ ሆኖም ተራራ ባለበት ደሴት ነፋሱ ቁልቁል እየተወረወረ ስለሚመጣ፣ ውኃው ጸጥ ባለበት ስፍራ እንኳ ጀልባን ከታሰረበት ሊነቅል ይችላል።

በሐምሌ 18 ቀን ማምሻውን፣ የዛስ ተራራ ከ1,000 ሜትር በላይ በቆመባት በናክሶስ ደሴት ደቡብ ወዳለ አንድ ወሽመጥ ገባን። በወሽመጡ መካከል ባለቤቱ ያልታወቀ ተንሳፋፊ ማሰሪያ ነበር፤ ከሥሩ በሰንሰለት ከባሕሩ ወለል ኮንክሪት ጋር ተያይዟል። እንግዶቹ ደክመው ስለ ነበር በእርሱ ታስረን እንድናድር ፈለጉ። ካፒቴናችንም ወደዚያው አዘነበሉ፤ ምክንያቱም ወለሉን በአብዛኛው የባሕር ሣር ሸፍኖታል፣ መልሕቅ ደግሞ በሣር ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይቆነጥጥም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ማን እንዳኖረው፣ መቼስ እንደ ተመረመረ የማናውቀውን ብረት አምነን መተኛታችን ነበር። የራስ መልሕቅ ቢያንስ ሰንሰለቱ የታወቀ ነው። ይሁንና ካፒቴንን ማዘዝ የአብሳይ ድርሻ ስላልሆነ፣ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከእሳት ያወጣህ፣ ከውኃ በታች የተሰወረውን ግለጥልን» ብዬ ለመንኩ፤ ጧፍ ላስገባና ለሕዝብ ልመሰክርም ተሳልኩ።

ካፒቴኑ ገመዱን መያዣ ዘንግ በእጃቸው እንዳለ ድንገት ተዉትና ወጣቱን የጀልባ ሠራተኛ መነጽር አድርጎ እንዲጠልቅ አዘዙት። ከዚያ በፊት በነበሩ ማሰሪያዎች እንዲህ ሲያደርጉ አላየሁም። ልጁ ሲወጣ ኮንክሪቱ ትልቅና ደህና መሆኑን፣ ሰንሰለቱን ከኮንክሪቱ ጋር የሚያያይዘው ብረት ብሎን ግን ተበልቶ እንደ እርሳስ መቅጠኑን፣ ብሎኑ እንዳይፈታ የሚያስረው ሽቦም መጥፋቱን ነገረን።

ወዲያው ሣር የሌለበት፣ ከላይ ነጣ ብሎ የሚታይ አሸዋ ፈልገን በ6 ሜትር ጥልቀት መልሕቃችንን ጣልን። ከጀልባው አፍንጫ እስከ ወለሉ 7 ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ካፒቴኑ ለብርቱ ነፋስ የሚበጀውን ሰባት እጥፍ አስበው 50 ሜትር ሰንሰለት ለቀቁ፤ ሞተሩንም ወደ ኋላ እያስነዱ ሰንሰለቱን ወጠሩት። ልጁ ዳግመኛ ጠልቆ መልሕቁ በአሸዋው ውስጥ መቀበሩን አረጋገጠ።

ሌሊቱን ነፋሱ ጀልባችንን ግራና ቀኝ ሲወዘውዘው አደረ። እኔም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን፣ የጳውሎስ መርከበኞች በስተኋላ አራት መልሕቅ ጥለው እንዲነጋ የተመኙበትን ስፍራ እያነበብኩ ቆየሁ። ጎህ ሲቀድ ከነበርንበት አልተነቃነቅንም።

ማሰሪያው ባዶውን ስላደረ ይበጠስ እንደ ነበር ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ያዳናችሁ የጠላቂው ዓይን ነው የሚለኝም አለ። እኔም ዓይኑን አልክድም፤ ነገር ግን ካፒቴኑን ምን እንዳስቆማቸው በማግሥቱ ብጠይቃቸው ራሳቸው መልስ አልነበራቸውም። ጧፉን አቴንስ እንደ ተመለስኩ አስገብቻለሁ፤ ምስክርነቱም ይኸው።