የተጨመቀው ሃይላንድ

ኅዳር ላይ ነው። የአዋሽን ውሃ ለመመርመር ከአዲስ አበባ ወደ መተሐራ ስንወጣ ለእኔ የመጀመሪያው የመስክ ሥራ ነበር። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ የእኔ ኃላፊነት ስለነበረ፣ ወንዝ ዳር ፀሐይ እየመታኝ ከምደናገር ብዬ ማለዳ ቢሮ ውስጥ ልኩን አስተካከልኩት። ክፍት አየር ላይ 100 በመቶ፣ ማለትም ውሃ ከአየር ሊወስድ የሚችለውን ሙሉ ልክ፣ እንዲያነብ አድርጌ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ግማሹን ሥራ እንደ ጨረሰ ሰው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ መንገዱን ማየት ጀመርኩ።

መንገዱ ደግሞ አይሰለችም። ከቃሊቲ ሲወጡ የመጋዘንና የፋብሪካ ቆርቆሮ ነው፤ ከዱከም በኋላ የደረሰ ጤፍ፣ ጎንበስ ያሉ አጫጆች፣ የተከመረ ነዶ። ሞጆ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። አዳማን አልፈን ወለንጪቲ ስንደርስ ማሳው እየሳሳ ግራር ተተካ፤ ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ቀጥሎ ግመሎች መጡ። ከዚያም ፈንታሌ ተራራ፣ ትናንት የታረሰ የሚመስለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ እየሰፋ መጥቶ የመኪናውንም የባቡሩንም መንገድ ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ያሰኘው የበሰቃ ሐይቅ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስተን ከ1,000 ሜትር በታች ወርደናል። ጋሼ ሾፌሩ «ይኸው ቆላ ገባን» ሲሉኝ «እንዴት ያምራል!» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ሥዕሉን አየሁ እንጂ ወሬውን አልሰማሁም።

ወንዙ ዳር የመጀመሪያው ልኬት 112 በመቶ አለ። ሁለተኛው 109። ሦስተኛው ላይ የቡድን መሪያችን ወረቀቱን ተቀበለችኝ። «ይህን የመሰለ ድፍርስ ውሃ፣ ፏፏቴ እንኳ አጠገቡ የለም፤ ይህ ሁሉ ኦክስጅን ከየት መጣ?» እኔም አላመነታሁም፤ መሣሪያው ተበላሽቷል አልኩ። ጀማሪ ሲጠየቅ ዕቃ ነው የሚከሰው።

ጋሼ ከመኪናው ወረዱና አንድ ባዶ ሃይላንድ አነሱ። ጠዋት ከተማ ውስጥ ጠጥቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ መቀመጫ ሥር የጣልኩት ነበር። ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሰው የረገጠው ይመስላል። «ልጄ፣ ይህን ማን ጨመቀው?» አሉኝ።

መሪያችን ሳቀች። መልስ ሳትሰጥ የመሣሪያውን ጫፍ ከውሃው አውጥታ አየር ላይ ያዘችው። ቁጥሩ ወጥቶ ወጥቶ 118 ላይ ቆመ። ውሃው ሳይሆን አየሩ ራሱ 118 በመቶ! የደጋው አየር ስስ ነው፣ የቆላው ይከብዳል፤ እኔ በደጋው ስስ አየር የሰፈርኩትን መስፈሪያ ይዤ ቆላ ወርጃለሁ። ሃይላንዱ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል።

የተገኙትን ቁጥሮች ለ1.18 ላካፍላቸውና እናስተካክል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ስሌቱ ስህተት አልነበረውም፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው። እሷ ግን ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው። «ሂድና ለካ።» መሣሪያውን እዚያው ወንዙ ዳር እንደገና አስተካክዬ ሦስቱንም ቦታ በተራ ስዞር ፀሐይ ጠለቀች፤ መተሐራ አደርን።

በማግስቱ ስንመለስ አንድ ሃይላንድ ውሃ ግማሹን ጠጥቼ ከድኜ ያዝኩ። ቢሾፍቱ ላይ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጋሼ አንድ እጃቸውን ከመሪው ሳያነሱ በሌላው ተቀበሉኝና፣ በጥርሳቸው ክዳኑን ላላ አደረጉት። ፉ… አለ።